ሽማግሌ ሲቀመጥ

ያን ፕሮቲን ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ጭኔ ላይ አቅፌ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የቀረውን እናንተ ፍረዱ፤ ይህን ግን ማንም አይነጥቀኝም። አየር ማረፊያው የዕቃ መጋዘን በር ላይ ስገተር፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስባዝን ውዬ ነው ካርቶኑን የተረከብኩት። ካርቶኑ ውስጥ በረዶ፣ በረዶው ውስጥ የትንሽ ጣቴን ጫፍ የምታህል ብልቃጥ። ብልቃጧ ውስጥ ደግሞ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ካላዩት በቀር ያለም የማይመስል ነጭ ብናኝ።

ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ የበረዶ ሣጥኔን ጠረጠረው።

«እህት፣ ዓሣ ከሆነ ላይ ነው የሚጫነው። ሰው ይሸተዋል።»

«ዓሣ አይደለም። ፕሮቲን ነው።»

«ያው ዓሣ ነው በይኛ!»

ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ዱከም ላይ ከፋብሪካ የወጡ ሠራተኞች ተጠቅጥቀው ሲገቡ አንዷ ልጅ ክርኗን ሣጥኑ ላይ ልታሳርፍ ስትል ጮህኩባትና ልጅቷ ደነገጠች። ያኔ ደስተኛ ነበርኩ። ደስታዬም የብልቃጧ ብቻ አልነበረም፤ አዳማ መናኸሪያ ፍሬዘር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

ኑኃሚን ፈይሳ እባላለሁ። አዳማ ውስጥ ባለ አንድ የምርምር ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ፍሬዘርም እዚያው ነበር የሚሠራው። የኩየራ ልጅ ነው፤ የምናመልከው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪያችንንም አብረን ነው የጨረስነው። ሊያገባኝ ነበር።

ሥራችን ቲቢ ላይ ነው። ሰውነታችን ውስጥ በሽታን የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። በሽታው ለረጅም ጊዜ የተጫነው ሰው ደም ውስጥ ግን እነዚህ ሴሎች ጠላታቸው ፊታቸው ቆሞ እያዩት ዝም ይላሉ። አንዲት ሴል እንድትነሳ ሁለት ነገር ያስፈልጋታል። አንደኛው ጠላቷን ማየት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከጎኗ ያለ ሌላ ሴል «አዎ፣ ያየሽው እውነት ነው፣ ተነሺ» ማለቱ ነው። ይህን «ተነሺ» የሚለውን መልእክት የሚያደርሱ ፕሮቲኖች አሉ፤ የእኔ ብልቃጥ ውስጥ የነበረው ከእነሱ አንዱ ነው። የሰው ፕሮቲን ነው፣ ግን ከሰው አልተወሰደም፤ የሰው ዘረመል ሌላ ሴል ውስጥ ገብቶ በፋብሪካ የተመረተ ነው። ብልቃጧ ላይ «ለምርምር ብቻ» የሚል ተለጥፎባታል። ማንም ታማሚ አይወጋውም፤ ታማሚን የሚያድን ነገር ስንፈልግ ነው የሚያገለግለን። ያ ሁለተኛው ቃል ሳይመጣ ከቀረ ሴሏ ለጊዜው ዝም ማለቷ ብቻ አይደለም ጉዳቱ። ከዚያ በኋላ ብትጠራም የማትሰማ ትሆናለች።

ደሙን የሰጡን የወንጂ ሰዎች ናቸው። አባቴ ፈይሳ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በስኳር ፋብሪካው የሸንኮራ መፍጫ ላይ ነው የሠራው፤ እኔም ያደግሁት እዚያ ካምፕ ውስጥ ነው። ሰዎቹ ለማያውቁት ሰው ክንዳቸውን የሚዘረጉ አይደሉም። «የፈይሳ ልጅ ናት» ብለው ሰጡኝ። እማማ ሻሼ የሚባሉ፣ ደረታቸው ለዓመታት ያልዳነላቸው ሴት መርፌውን ስነቅል እጄን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ የዚህን ደም ወሬ ተመልሰሽ ትነግሪኛለሽ አይደል?» አሉኝ። እነግርዎታለሁ አልኳቸው። በእውነት እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው ያልኩት።

መጀመሪያ ላይ ፕሮቲኑ አልሠራም። በመመሪያው መሠረት አሟሟነው፣ ሴሎቹ ያሉበት ፈሳሽ ውስጥ ጨመርነው፣ ጠበቅን፣ ምንም የለም። እንደገና ሞከርን፣ ምንም። የፍሬዘርና የእኔ አሠራር እንዲህ ነበር፦ ጓንት አጥልቄ እጄን የመስታወት ሣጥኑ ውስጥ የማስገባው እኔ ነኝ፤ የምለውን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ የሚጽፈው እሱ ነው። የእኔ እጅ አይንቀጠቀጥም፤ የእሱ ጣት ይፈጥናል። እንዲህ ተከፋፍለን ስንሠራ ትዳራችንም እንዲሁ የሚያምር ይመስለኝ ነበር። ሞኝ ነበርኩ ልበል? አልልም። ሰውን ማመን ሞኝነት ከሆነ ብልህነቱ ምንድነው ታዲያ?

አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ፖስታ ቤት አካባቢ የአቮካዶ ጭማቂ ልንጠጣ ተቀመጥን። ፍሬዘር ጠጋ ብሎ፣ «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ። ሁለተኛው ቅዳሜ። ጋሽ ሚሊዮን ሊመሩልኝ እሺ ብለዋል» አለኝ። ጋሽ ሚሊዮን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው።

ልቤ በደስታ ሊወጣ ደርሶ፣ ደስታዬን ለመሸፈን ቀልድ ጀመርኩ። «አባዬ ቶሎ ተቀመጡ አይላቸውም። ያቆማቸዋል።»

ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ሲገባ አይቀመጥም። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብሎ ይቆማል። ቆሞ እያለ ነገሩ ገና ደጅ ነው። ባለቤቱ ተቀመጡ ብሎ፣ እነሱም ሲቀመጡ ነው ነገር ተጀመረ የሚባለው። አባቴ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። ወንጂ ሳለን ሰው ሁሉ አስታርቀን ብሎ የሚመጣው እሱ ዘንድ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ እምቢ ማለቱን አስታውሳለሁ። ጎረቤቶቻችን፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ ተደባድበው ሽማግሌ ሁንልን ሲሉት፣ «ጠቡን በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትን ልመስክር ወይስ ላስታርቅ? አንድ ወንበር ላይ ሁለቱንም ሆኜ አልቀመጥም» አለ። ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ከዚያ ወዲያ ለአንዱ ወገን ምስክር አይቆምም። ይህ በእኛ ሰፈር ትንሽ ልጅ እንኳ የሚያውቀው ነው።

ይህን ለፍሬዘር እያወራሁለት ሳለ ጭማቂው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

«ፍሬዘር! ፕሮቲኑ እኮ ቆሟል!»

«ምን ሆንሽ?»

«እየተንሳፈፈ ነው። ሰውነታችን ውስጥ እኮ የሌላ ሴል ገላ ላይ ተቀምጦ ነው ሴሏን የሚጠብቃት። እኛ ግን ውሃ ውስጥ በትነነዋል። ደጅ የቆመ ሽማግሌ ነው! መጀመሪያ ማስቀመጥ አለብን። ፕሮቲኑን ብቻውን ሳህኑ ላይ እናሳድረው፣ ከሥር ይጣበቅ፣ ከዚያ ሴሎቹን እላዩ ላይ እናውርዳቸው።»

ፍሬዘር ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ሳይንሱን ሰርግ አደረግሽው!»

ያን ሳቁን አልረሳውም። የሳቀው ሐሳቡ የእኔ ስለሆነ ነው፤ የራሱን ሐሳብ ሰምቶ የሚስቅ ሰው የለም።

በዚያው ሳምንት ወንድሙ ሲያገባ ኩየራ ሄደ። እኔ መጠበቅ አልቻልኩም። ጉድጓድ ጉድጓድ ያላትን የላስቲክ ሳህን አወጣሁ፣ ፕሮቲኑን ከየጉድጓዱ ሥር አሳደርኩት፣ በማግስቱ አጥቤ ሴሎቹን ጨመርኩ። አብረውኝ የነበሩት ጋሽ ዲበኩሉ ብቻ ናቸው። ጋሽ ዲበኩሉ የላብራቶሪው አንጋፋ ቴክኒሻን ናቸው። ለእኔም ለፍሬዘርም የፈሳሽ መምጠጫውን፣ የፒፔትን አያያዝ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። «ትንፋሽሽን ያዢ፣ እጅሽ ራሱ ያውቃል» ይሉኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ መብራት ሲጠፋ ሳህኗ ሙቀት እንዳይጎድልባት ጄኔሬተሩን ራሳቸው ሄደው አስነሱልኝ፤ ካኪ ካፖርታቸው በናፍጣ ተበላሸ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሳህኗን አወጣኋት። ዝም ባሉት ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደ ወትሮው ሮዝ ነው። ፕሮቲኑ የተቀመጠባቸው ግን ወደ ቢጫ ዞረዋል። ሴሎቹ በልተዋል፣ ተባዝተዋል ማለት ነው። በማይክሮስኮፕ ሳያቸው እንደ ወይን ዘለላ ተሰባስበው ነበር። ከእነሱ መሃል የእማማ ሻሼም ሴሎች አሉ። አልቅሼ ጋሽ ዲበኩሉን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጎንበስ ብለው አዩ፣ እንደገና አዩ።

«ተነስተዋል» አሉ። «ልጄ፣ ተነስተዋል!» ግንባሬን ሳሙኝ።

ለፍሬዘር ደወልኩለት። ከበስተጀርባው የሰርግ ከበሮ ይሰማል። ውጤቱን በጩኸት ነገርኩት፤ «ስመለስ እኔ አስገባዋለሁ» አለ። ተመልሶም እንደ ልማዳችን በራሱ ስምና የይለፍ ቃል መግቢያ ከፍቶ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈው። ቅር አላለኝም። ለምን ይለኛል?

ፋሲካ አለፈ። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው ፍሬዘር፣ «እሁድ ልመሰክር ነው። ነጭ ልበሺ» አለኝ። እኔ የመሰለኝ ለጉባኤው ስለ እኛ ሊናገር ነው። ነጭ ለበስኩ። ፀጉሬን ተሠራሁ። እናቴ የሺዓለም ከጎኔ ተቀምጣ ጉልበቴን መታ መታ ታደርጋለች፤ እሷም ያሰበችው እንደኔው ነው።

ፍሬዘር ማይክ ያዘ። «ጌታ ይባረክ!» ሲል ጉባኤው አሜን አለ። አንድ የውጭ ተቋም ለሦስተኛ ዲግሪ ከነሙሉ ወጪው እንደተቀበለው ተናገረ። ከብዙ አመልካች አንድ ሰው ብቻ ነው የወሰዱት። ሃሌሉያ! እኔም አጨበጨብኩ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ካጨበጨቡት አንዷ እኔ ነበርኩ።

«እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ» ብሎ ቀጠለ። «ሥራዬ አልሳካ ብሎኝ ተንበርክኬ ስጸልይ ጌታ ተናገረኝ። ‹ልጄ፣ ሽማግሌው ደጅ ቆሟል፤ አስቀምጠው› አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ ግን...»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ጆሮዬ ጮኸ። አዳራሹ በሃሌሉያ ተናወጠ፣ እናቴ ብድግ ብላ እልል አለች፣ እልልታዋ ጆሮዬ ሥር ነው። እኔ ነጭ ልብሴን ለብሼ ደርቄ ቀረሁ። ያን ቃል ጌታ አልተናገረውም! እኔ ነኝ የተናገርኩት፣ ፖስታ ቤት አካባቢ፣ የአቮካዶ ጭማቂ አፌ ውስጥ እያለ። ሰው የእጮኛውን ሥራ ሲሰርቅ ሌባ ይባላል። ሰርቆ ደግሞ እግዚአብሔር ሰጠኝ ሲል ምን እንደሚባል እኔ አላውቅም።

ከአዳራሹ ሲወጣ ግቢው ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር ያዝኩት። ሰው እያለፈ እንኳን ደስ ያላችሁ ይለናል። ያላችሁ!

«ምን ነበር እሱ?» አልኩት።

«ኑሂ፣ ምስክርነት እኮ ነው። ሰው እንዲገባው ብዬ ነው።»

«ማመልከቻው ላይስ? እዚያም ጌታ ነው ያሳየኝ ብለህ ነው የጻፍከው?»

ዓይኑን ወደ በሩ አዞረ። «አንድ ሰው ብቻ ነው የሚወስዱት።»

«እኮ! ታዲያ ለምን አንተ?»

«እኔና አንቺ አንድ አይደለንም እንዴ? ዛሬ እኔ እሄዳለሁ፣ ተጋብተን አንቺ ትከተይኛለሽ። ማን ስም ላይ ቢሆን ምን ለውጥ አለው?»

«ለውጥ ከሌለው በእኔ ስም ይሁን።»

እጅጌውን ይጠቀልል ጀመር። እሱ ሲዋሽ ይፈጥናል፣ እውነት ሲነገረው ግን ይዘገያል፤ ይህን ያወቅሁት የዚያን ቀን ነው።

«የወንጂው ደምስ?» አልኩት። «እማማ ሻሼስ?»

«እዚያ የምሠራው በሌላ ርዕስ ነው። የወንጂው አብቅቷል፣ ኑሂ። እሱ መግቢያ ነበር።»

መግቢያ! ክንዳቸውን የዘረጉልኝ ሰዎች ለእሱ በር ነበሩ፤ ገባበት፣ ዘጋው። ዕድሉ የእኔ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ሥራ ይዤ ወንጂ ለዓመታት እመላለስ ነበር። አንጀቴ ያረረው ለዚህ ነው። ሳልሰናበተው ሄድኩ፤ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ነጭ ልብሴ ላይ አለቀስኩ።

በማግስቱ ለላብራቶሪው ኃላፊ አቤት አልኩ። የሰሙኝ ሰውዬ ክፉ አልነበሩም። ኮምፒውተሩን አስከፍተው አዩ፤ ሁሉም በፍሬዘር መግቢያ ነው የተጻፈው። «እኔ አንቺን አላምንም አይደለም የምልሽ» አሉኝ። «ግን አንቺ አንድ ነሽ፣ እሱ አንድ ነው። ስትሠሪ ያየ ሁለተኛ ሰው ይቁምልሽ። በሚቀጥለው ሰኞ የእሱን ጉዞ የሚያጸድቀው ኮሚቴያችን ይቀመጣል። ከዚያ ካለፈ የእሱ ጉዳይ ያልቃል።»

ሁለተኛ ሰው። ሳልወድ ሳቄ መጣ። ሴሏም የምትፈልገው እሱን ነበር፤ ያየሽው እውነት ነው የሚላት።

ሮጬ ጋሽ ዲበኩሉ ዘንድ ሄድኩ። ብልቃጥ እያጠቡ ነበር። ነገሩን እስክጨርስ ቧንቧውን ዘግተው አዳመጡኝ። «ልጁ ይህን አደረገ?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱማ እዚህም አልነበረም እኮ! ኩየራ አልነበር እንዴ? ሰኞ እመጣለሁ። ያየሁትን እናገራለሁ። እኔ ምን ያስፈራኛል?»

እጃቸውን ሳምኩ። ያን ሳምንት እንቅልፍ የወሰደኝ በእሳቸው ቃል ነው። ፍሬዘር ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳሁም። ለአባቴና ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። እናቴ እልልታዋን አስታውሳ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ዲበኩሉ ያየ ሰው ነው?» አዎ አልኩት። «እንግዲያው ጨርሰሻል» አለኝ።

ቅዳሜ መጣ። ያው ቅዳሜ፣ የእኔ ቅዳሜ መሆን የነበረበት። ቀኑን ላለማሰብ ብዬ ከማለዳ ጀምሮ ልብስ አጥባለሁ። የአዳማ ፀሐይ ጀርባዬን እያቃጠለኝ፣ እጄ በአረፋ ተነክሮ ሳለ የውጭ በር ተንኳኳ። እናቴ ከፈተች። በመጀመሪያ የገቡት ጋሽ ሚሊዮን ናቸው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው። ከኋላቸው ከኩየራ የመጡት የፍሬዘር አጎት። ለአፍታ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልቤ ሊያገባኝ ነው ብሎ ዘለለ። ልብ እንደዚህ ነው፤ ወሬው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ሦስተኛው ሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ጋሽ ዲበኩሉ ናቸው።

እጄን ጨርቄ ላይ ጠርጌ ተከትያቸው ሳሎን ገባሁ። ከግድግዳው ጋር ወንበሮቹ ተደርድረዋል። ሦስቱም ቆሙ። አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ። አካም ጅርቱ?» አላቸው። ተቀመጡ ግን አላለም።

ጋሽ ሚሊዮን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ፈይሳ፣ ወይዘሮ የሺዓለም፣ በዚች ቀን የምንመጣው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ነገር ግን ጠላት ሰይጣን መካከል ገባ። ልጃችን አጥፍቷል፤ ጥፋቱንም አውቋል። የመጣነው ለእርቅ ነው። ሰኞ ያለው ነገር ይቅርልን። እሱ ከቀረልን የመጀመሪያውን ጉዳያችንንም በደስታ እናነሳለን። ይህን ሳትሰጡን አንቀመጥም።»

«ጋሽ ሚሊዮን» አልኩ። እናቴ ልብሴን ጎተተችኝ፤ አልተመለስኩም። «ጥፋቱን ካወቀ ዕድሉን ይመልሳል?»

«እሱማ እንግዲህ፣ ልጄ፣ ጉዞው ደርሷል...»

«ለተቋሙ ጽፎ ሥራው የእኔ እንደሆነ ይነግራቸዋል?»

«የወንድምን ስም ማጥፋት...»

«ታዲያ ያወቀው ጥፋቱ የቱ ነው?»

አጎትየው፣ «ልጅቷ ትናገራለች» አሉ ለአባቴ፣ እኔ እዚያ የሌለሁ ይመስል።

አባቴ አላያቸውም። ዓይኑን ጋሽ ዲበኩሉ ላይ ተክሏል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አቶ ዲበኩሉ፣ እርስዎ የሰኞ ምስክር አይደሉም እንዴ?» አላቸው።

ያኔ ገባኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ ሞኝ ካላችሁ አሁን በሉኝ፣ ሊያግዙኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። ከሰው ሁሉ መካከል እሳቸውን የመረጡት በሽምግልናው አፋቸውን ሊዘጉባቸው ነው። ማንም አላስፈራራቸውም፣ ማንም ጉቦ አልሰጣቸውም። ሽማግሌ ሁንልን ብለው ለመኗቸው፣ በቃ። አንድ ጊዜ ከተቀመጡ ሰኞ አፍ የላቸውም፤ ማንም ደግሞ ዋሹ አይላቸውም። አስታረቁ ነው የሚባለው።

«ለመኑኝ» አሉ ጋሽ ዲበኩሉ፣ ለባርኔጣቸው ነው የሚናገሩት። «የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቤቴ ድረስ መጥተው ሲለምኑ እምቢ ማለት አቃተኝ።»

«ጋሽ ዲበኩሉ፣ አይተዋል ወይስ አላዩም?» አልኳቸው።

«አይቻለሁ።»

«ፍሬዘር ነበር?»

«አልነበረም።» ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው ውሃ ሞልቷል። «ግን ልጄ፣ አንቺ ጠንካራ ነሽ። ይህ ቢቀርብሽ ሌላ ትሠሪያለሽ፣ እጅሽን አውቀዋለሁ። እሱ ግን በዚህ ዕድሜው ስሙ ከተነካ ይሰበራል። እኔ ሁለታችሁንም ነው ያሳደግሁት።»

«ጠንካራ ስለሆንኩ ነው የምቀማው?»

ፍሬዘር ሲከዳኝ ተናድጄ ነበር፤ ንዴት ሰውን ያቆማል። አሁን ግን ንዴቱም እምቢ አለኝ። ሰውየው አይቷል፣ ያውቃል፣ ማወቁን በእኔ ቤት፣ በእኔ ፊት ይናገራል፣ ሰኞ ግን አይናገርም። አላየሁም ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ። የጓንትና የአልኮል ሽታቸው የላብራቶሪያችን ሽታ ነው። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት» አልኳቸው። «እነሱ ይቀመጡ። ጋሽ ሚሊዮንም ይቀመጡ፣ የፍሬዘር አጎትም ይቀመጡ፣ እስኪመሽም ይምከሩኝ፣ እሰማለሁ። እርስዎ ብቻ አይቀመጡ። ቆመው ይሂዱልኝ። ሰኞ ባይመጡም ግድ የለም፤ ብቻ እዚህ አይቀመጡ።»

ያልገባው ሰው አልነበረም። እናቴ እንኳን ትንፋሿን ይዛለች። ጋሽ ዲበኩሉ እኔን አዩኝ፣ በሩን አዩት፣ ጋሽ ሚሊዮንን አዩአቸው። ጋሽ ሚሊዮን ገና ቆመዋል። አጎትየውም ቆመዋል። አባቴ ተቀመጡ አላለም።

ጋሽ ዲበኩሉ በእጃቸው ወደ ኋላ ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ወንበሩን አገኙትና ተቀመጡ።

አባቴ ትክ ብሎ አያቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ በአንድ ቅጽበት አርጅቷል። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰኞ እስከ በሩ አደርስሻለሁ። ግን እኔ አላየሁም። ያላየሁትን አይቻለሁ አልልልሽም» አለኝ።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

ጋሽ ሚሊዮን ነገሩ የተፈጸመ መስሏቸው ወይም እንዲፈጸም ፈልገው፣ «እንጸልይ» አሉ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አልጨፈንኩም። ስለ ሰላም ጸለዩ፣ ስለ ይቅርታ ጸለዩ፣ ስለ ወጣቶቻችን የወደፊት ሕይወት ጸለዩ። አሜን ሲባል ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የጋሽ ዲበኩሉ ድምፅ ነበር።

እናቴ እንግዳ ቤቷ ገብቶ አፉ ደርቆ እንዳይሄድ ብላ፣ በጭንቀት ሌላ የምታደርገው ጠፍቷት፣ «ኑኃሚን፣ ውሃ አምጪላቸው» አለችኝ። አመጣሁ። ሳሙናው ከእጄ ገና አልደረቀም። ብርጭቆውን ስዘረጋላቸው እጄ ተንቀጠቀጠና ውሃው ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ።

ጋሽ ዲበኩሉ ቀና ብለው አላዩኝም። «ግድ የለም» አሉ፤ ሱሪያቸውን በባርኔጣቸው እየጠረጉ። «ትንፋሽሽን ያዢ፣ ልጄ።»